ከሸዋ በር ማዶ ያለው ግንብ

«ልጆቹን አስነሱ» አሉ አቶ እንደሻው።

ከግንቡ ጥላ ሥር ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ ቀና ብላ አየቻቸው እንጂ አልተነሳችም። ገላነሽ አባቷ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም። የዚያን ቀን ግን ደገሙት።

«ልጆቹን ከዚህ አስነሱ አልኩ።»

ሴቶቹ ደነገጡ። የተኛውን በክንዳቸው አቅፈው፣ የሚጫወተውን በእጅጌው ጎትተው ሸሹ። አቶ እንደሻው የመሣሪያ ከረጢታቸውን ለልጃቸው አቀበሉና የቀኝ መዳፋቸውን ግንቡ ላይ አሳርፈው ገፉ። ያን ያህል እንኳ አልገፉም፤ እንጨቱ ያበጠ በር እንደሚከፍት ሰው ነው። ግንቡ መሃሉ ላይ ተነፋ፣ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሴቶቹ ተቀምጠውበት በነበረው ቦታ ላይ ተዘረገፈ።

አቧራው ሳይሰክን ከመንገዱ ላይ ጭብጨባና እልልታ ተነሳ። ከሸዋ በር ገበያ የሚመለሱ ሰዎች የግንቡን ሥራ ቆመው መሳቂያ ማድረግ ከጀመሩ ሳምንታት አልፈው ነበር።

«እጅህ ይባረክ እንደሻው» አለ አንዱ። «የመናፍቃኑን ቤት በመዳፍህ ጣልከው።»

አባቷ ለእሱም አልመለሱለትም፤ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ለቆሙት ሴቶችም ምንም አላሉም። ከረጢታቸውን ተቀብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ገላነሽ አንዴ ብቻ ዞር ብላ አየች። ከአቧራው መካከል ለተማርያም የውሃ ባልዲ እንደያዘች ቆማለች። ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ የተቀመጡ ጓደኛሞች ናቸው። ለተማርያም አላለቀሰችም። ገላነሽን ብቻ ታያታለች።

ነገሩ የጀመረው የለተማርያም እናት ወይዘሮ ወለተሥላሴ፣ የሆስፒታሉ ድሬሰር አቶ ዓለሙና ጥቂት ሰዎች አንድ ላይ እየተሰበሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብና መዘመር የጀመሩ ጊዜ ነው። መጀመሪያ በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ፣ ጁገል ውስጥ አንድ ክፍል ተከራዩ፤ ጣሪያው ላይ ድንጋይ ሲዘንብ አከራዩ ፈርቶ አስወጣቸው። ሌላ ተከራዩ፤ ከዚያም ተባረሩ። በመጨረሻ የገቡበት የእህል መጋዘን ነበር፤ እሱንም ልቀቁ ተባሉ። ያኔ የድሬ ጠያራው ገበሬ አያ ዑመር ከሸዋ በር ማዶ ያለችውን ጫት የማታበቅል ድንጋያማ ተዳፋታቸውን ሸጡላቸው። መሬት ተገኘ፤ ግንበኛ ግን ጠፋ። አቶ ዓለሙ መጀመሪያ የለመኑት አቶ እንደሻውን ነበር። አቶ እንደሻው አማተቡና «እኔ ተዋሕዶ ነኝ፤ ሌላ ፈልጉ» አሉ። ሌሎቹም ግንበኞች እንደዚያው አሉ። ስለዚህ ከመካከላቸው የቢሮ ጸሐፊውም፣ ነርሷም፣ ሽንኩርት ነጋዴዋም፣ ተማሪውም ተረባርበው የራሳቸውን ግንብ አቆሙ። ከሩቅ ለሚያየው በእርግጥ ግንብ ይመስል ነበር።

«አባባ» አለች ገላነሽ ቤት ሲደርሱ፣ «ለምን አልነገሯቸውም?»

«ምኑን?»

«ሊወድቅ እንደነበረ።»

«ወደቀ አይደል እንዴ?» አሉ አባቷ እጃቸውን እየታጠቡ። «ከዚህ በላይ ምን ልንገራቸው።»

ሰኞ ጠዋት ወሬው ከገላነሽ ቀድሞ ትምህርት ቤት ደርሶ ጠበቃት። የክፍሉ በር ላይ ያገኛት ከበደ ነው፤ ሲያወራ እጁም እግሩም አብሮት የሚያወራ የስምንተኛ ክፍል ቀልደኛ።

«አቦ፣ አባትሽ ጉድ ናቸው» አላት። «በአንድ እጅ ነው አሉ የጣሉት። ሌላው እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር አሉ።»

ልጆቹ ሳቁ። ከፊት ወንበር አንዷ ልጅ «የጀግና ልጅ፣ እዚህ ነይ» ብላ ቦታ ለቀቀችላት። ገላነሽ እውነቱን ልትነግራቸው አፏን ከፍታ ነበር። ነገር ግን በዚያ ትምህርት ቤት ስትማር አንድም ቀን ማንም ቦታ ለቆላት አያውቅም። የግንበኛ ልጅ ናት፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ጠዋት ቤት ጠርጋ፣ የአባቷን ምሳ ቋጥራ፣ እየሮጠች የምትደርስ፣ ብዙውን ጊዜም አርፍዳ በር ላይ የምትንበረከክ ተማሪ ናት። ፈገግ አለች። ሄዳም ተቀመጠች።

ዞር ስትል ለተማርያም ደብተሮቿን ሰብስባ ወደ መጨረሻው ዴስክ እየሄደች ነበር።

በእረፍት ሰዓት ከቧንቧው ጀርባ አገኘቻት።

«ለተ፣ ስሚኝማ። ግንቡ እኮ ሆዱን ነፍቶ ነበር። አባባ ባይጥሉት ኖሮ እዚያ የተቀመጡት ላይ ይወድቅ ነበር።»

ለተማርያም አፍጥጣ አየቻት። «እውነትሽን ነው?»

«የእናቴን አፅም።»

የለተማርያም ፊት ላላ አለ። ወዲያው ደግሞ ተመልሶ ጠነከረ። «ታዲያ ለምንድነው ቧንቧ ኋላ የምትነግሪኝ? ለከበደ ንገሪው። ለእነዚያ ለሚያጨበጭቡት ንገሪያቸው። ጸረ ማርያም ብዬ ራሴን የምሰድበው እኔ ነኝ እንዴ?» ሳትፈልግ ከንፈሯ በፈገግታ ተሸበሸበ። «ደግሞ እኮ ‹ለተማርያም ጸረ ማርያም› ነው የሚሉኝ። ስሜን ሙሉውን እየጠሩ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለቱም በሳቅ ይፈርሱ ነበር። ገላነሽ ግን መሳቅ አቃታት። ጠዋት ለእነ ከበደ ፈገግ ማለቷ ገና ከአእምሮዋ አልወጣም ነበር።

በዚያው ሳምንት የሰፈሩ እድር ዳኛ ባላምባራስ ሀብተወልድ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ቤታቸው መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም። የገላነሽ እናት ስትሞት ሌሊቱን ሙሉ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ያነጉት እሳቸው ናቸው። ገላነሽ ጠላ ቀዳችላቸው።

«እንደሻው፣ ሰፈሩን አኮራኸው» አሉ ባላምባራስ። «የፊታችን እሑድ በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነስተህ እንድትናገር ነው የመጣነው። ለሃይማኖቴ ብዬ አፈረስኩት በል። ከዚያ ወዲያ ድንጋይ የሚያቀብላቸው ሰው ከእድሩ ይሰረዛል ብለን እንወስናለን። አንተ ከተናገርክ ማንም አይቃወምም።»

አቶ እንደሻው ጣሳቸውን በእጃቸው አሽከረከሩት። ገላነሽ ማድጋውን አቅፋ ቆማለች። አባቷ እንደ ልማዳቸው ዝም ሊሉ ነው። ዝም ካሉ ደግሞ እሑድ ሰዉ ሁሉ ዝምታቸውን እሺታ ያደርገዋል፤ እሷም ሰኞ የፊቱ ወንበር ላይ ትቀመጣለች።

«ለሃይማኖት ብለው አይደለም» አለች። ድምፅዋ እንዳሰበችው አልወጣም፤ ቀጠነ። «ግንቡ ሊወድቅ ነበር። ሥሩ ሕፃናት ነበሩ። ለዚያ ነው የጣሉት።»

ባላምባራስ ቀስ ብለው ዞሩ። «ልጅህ ትናገራለች እንደሻው።»

«እውነቷን ነው» አሉ አባቷ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ባላምባራስ ሳይቆጡ፣ እንዲያውም ባዘነ ድምፅ፣ «እውነት መሆኑ ምን ያደርጋል?» አሉ። «ሰው የሚያውቀው ሌላ ነው። አስብበት። ሚስትህን ማን ተሸክሞ ቀበራት? አንተንስ ነገ ማን ይቀብርሃል?»

ከሄዱ በኋላ አባቷ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ሰበሰቡ። «ምላስሽ ከሰው ሊያወጣኝ ነው» አሉ። «እናትሽን የተሸከሙት የእነዚህ ሰዎች ትከሻዎች ናቸው።»

«አውቃለሁ አባባ። በሕመሟ ጊዜ ያገላበጣትና ያጠባትስ የማን እጅ ነው?»

የወይዘሮ ወለተሥላሴ እጅ እንደነበረ ሁለቱም ያውቃሉ። ያን ጊዜ ማንም ሃይማኖታቸውን አልጠየቃቸውም።

«እኔ አልሠራላቸውም» አሉ አቶ እንደሻው። «ተዋሕዶ ነኝ። አበቃ።»

«እሺ። እኔም ተዋሕዶ ነኝ» አለች ገላነሽ። «ግን ቅዳሜ ልረዳቸው እሄዳለሁ።»

ቅዳሜ ስትደርስ አቶ ዓለሙ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው የወደቀውን ድንጋይ ይለቅማሉ። ሲያዩዋት ቀና አሉ፤ ሁሉም ሥራቸውን አቆሙ። ገላነሽ ምን ማለት እንዳለባት በመንገድ ላይ ስትለማመድ ነበር፤ ሁሉንም ረሳችው።

«መሠረቱ አልጠለቀም» አለች። «አባባ ሲሠሩ ድጅኖው አለት እስኪነካ ነው የሚያስቆፍሩት። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። ድንጋይ ግን አቀብላለሁ።»

ወይዘሮ ወለተሥላሴ መጥተው ግንባሯን ሳሟት። ለተማርያም ግን ምንም ሳትል ሌላ ባልዲ አመጣችላት። ለገላነሽ የተሻላት እሱ ነበር።

ቀኑን ሙሉ ቆፈሩ። አያ ዑመር ድንጋይ የተጫኑ አህዮቻቸውን እየነዱ ከላይ ከኮረብታው ወረዱ። መንገድ ላይ ከቆሙት አንዱ «አያ ዑመር፣ እርስዎ ሙስሊም ሆነው ለእነዚህ ምን ያደክምዎታል?» ብሎ ጠየቃቸው።

«መሬቱን ሸጬላቸዋለሁ» አሉ አያ ዑመር አህያቸውን ሳያቆሙ። «ድንጋዩንም አብሬ ሸጬላቸዋለሁ። ሐላል ነው። ወላሂ፣ ሰው የሸጥኩትን መልሶ ሲነጥቅ ቆሜ አላይም።»

ከሰዓት በኋላ ከበደ ከጓደኞቹ ጋር በዚያ አለፈ። ገላነሽን ሲያያት እጁም እግሩም ለአንድ አፍታ ፀጥ አሉ። «አቦ፣ የእንደሻው ልጅ ጴንጤ ሆነች» አለ ቀጥሎ፤ መንገዱም ሳቀ። ገላነሽ የያዘችውን ድንጋይ ለለተማርያም አቀበለችና ወደ እሱ ዞረች።

«አልሆንኩም» አለች ጮክ ብላ። «አባቴም ለጽድቅ አይደለም ግንብ የጣሉት። ግንቡ ጠማማ ስለነበረ ነው። ይህን ለሁሉም አውራ፤ ማውራት ታውቅበት የለም?»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእድሩ ሰዎች ከዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። ሴቶቹ በአንድ ወገን ተቀምጠዋል፤ ገላነሽም ከእነሱ ጋር ነበረች። ባላምባራስ ሀብተወልድ ቆመው ስለ ቀብር ቦታና ስለ አዲስ ድንኳን ተናገሩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንደሻው ይነሳ።»

አባቷ ተነሱ።

«ልጅህ ትናንት እዚያ ድንጋይ ስታቀብል ታየች። ልጅ ናት፤ ልጅን ማንም አይቀየምም። ከዛሬ ጀምሮ እንደማትሄድ አንተ እዚህ ቃል ግባልንና ነገሩ ይለቅ።»

አቶ እንደሻው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው መሬት መሬቱን አዩ። «ልጄ እዚህ አለች» አሉ በመጨረሻ። «የሚሄዱት የእሷ እግሮች ናቸው። እሷን ጠይቋት።»

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ገላነሽ ነጠላዋን አጣፋች። ተነሳችም።

«ትሄጃለሽ?» አሉ ባላምባራስ።

«እሄዳለሁ።»

ከሴቶቹ መካከል አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ለቅዳሴም እመጣለሁ ባላምባራስ» አለች ገላነሽ። «ጾሜንም እጾማለሁ። ሰዎቹ ግን የሚሰበሰቡበት ቤት የላቸውም። ጎረቤቶቻችን ናቸው። ድንጋይ ነው የማቀብለው።»

ባላምባራስ ሀብተወልድ ከእሷ ወደ አባቷ ተመለከቱ። «እንደሻው፣ እንግዲህ ከአንተ ልስማ እንጂ ከልጅ አልሰማም። ምን ትላለህ?»

አቶ እንደሻው ባርኔጣቸውን ደፉ።

«ስሜን ሰርዙት» አሉ። «ልጄ የምታቀብለውን ድንጋይ ከላይ ሆኖ የሚቀበላት ሰው ያስፈልጋል።»

አቶ እንደሻው በማግስቱ ሥራ ጀመሩ። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር መቆጣት ነበር። የተቆፈረውን አዩና «ይሄ መሠረት ነው ወይስ የድንች መደብ?» አሉ፤ እንደገና አስቆፈሩ። ጸሐፊውን ከድንጋይ አርቀው ጭቃ አስረገጡት። አቶ ዓለሙን «እርስዎ መርፌዎን ይወጉ፤ ማዕዘኑን ለኔ ይተዉልኝ» አሏቸው። ሌሎቹ ቀትር ላይ ሊጸልዩ ሲሰበሰቡ አቶ እንደሻው ራቅ ብለው ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጡና አማትበው ምሳቸውን ይበሉ ነበር። ረቡዕና ዓርብ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ሽሮ ይዘውላቸው ይመጣሉ፤ እሳቸው ራሳቸው ጾሙን ከተዉ ቆይተዋል፣ ለአቶ እንደሻው ግን አንድም ቀን ቅቤ ያለበት ነገር አላቀረቡም።

መንገዱም አላረፈም። አንድ ከሰዓት በኋላ ድንጋይ ይወረወር ጀመር። ሴቶቹ ከግንቡ ኋላ ተደበቁ። አቶ እንደሻው ከመሰላሉ ወረዱ፤ ከተወረወሩት ድንጋዮች አንዱን አነሱና አገላብጠው አዩት።

«ይሄ ጥሩ ነው» አሉ ወደ መንገዱ ጮክ ብለው። «እንዲህ ጠፍጣፋውን ነው የምፈልገው። ሌላ ካላችሁ ጨምሩ።»

መሰላሉን ወጥተው በቦታው አስገቡት፤ በመዶሻቸውም መታ መታ አደረጉት። ለተማርያም መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ገላነሽ፣ ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ። የወርዋሪዎቹ እጅ ፈዘዘ። ከመካከላቸው ከበደ ነበረ፤ በማግስቱ ትምህርት ቤት ውስጥ ታሪኩን ለሁሉም ያወራው እሱው ነው፤ ደግሞም አሳምሮ።

ሚኒስትሪ ፈተና ሲደርስ ግንቡ ከሰው ቁመት አልፏል። ገላነሽና ለተማርያም ለሒሳብ ፈተና ያጠኑት ከግንቡ ጥግ፣ የጭቃ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ነው። ክረምቱ ሳይገባ ቆርቆሮው ተመታ። በመጀመሪያው ጉባኤ ቀን አቶ ዓለሙ ግንበኛውን ወደ ውስጥ እንዲገቡ ለመኗቸው።

«ቤታችሁ ነው፤ እናንተ ግቡ» አሉ አቶ እንደሻው። «እኔ የምሳለመው ቤት አለኝ።»

ልጃቸውን አስከትለው በመጡበት መንገድ ተመለሱ። መዝሙሩ አዲሱን ቆርቆሮ እያንቀጠቀጠ እስከ ሸዋ በር ተከተላቸው።

የሚሳለሙት ቤት ግን ቀላል አልሆነላቸውም። ገላነሽ ቅዳሴ ላይ በሴቶቹ በኩል ስትቆም በግራና በቀኟ ክፍት ቦታ ይቀራል። መጀመሪያ ሰሞን ያ ክፍት ቦታ ያቃጥላት ነበር። ቢሆንም አንድም ቀን አልቀረችም፤ ቦታዋንም አልቀየረችም። አባቷም ከወንዶቹ በኩል እንደ ወትሯቸው ከፊት ይቆሙ ነበር።

ከክረምቱ በኋላ አንድ ማለዳ ጥሩምባ ተነፋ። ገላነሽ ጥሩምባ ነፊው በየበሩ እየቆመ ሲናገር ሰማች፤ ከታች ያሉት ጎረቤታቸው እማማ ፈለቀች አርፈው ነበር። ድምፁ ቀረበ፣ አጥራቸው ጋ ሲደርስ ፀጥ አለ፣ ከአጥራቸው አልፎ ደግሞ ቀጠለ። የተሰረዘ አባል አይጠራም።

አባቷ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ያያሉ።

«እማማ ፈለቀች ሕፃን ሆኜ ያዝሉኝ ነበር» አለች ገላነሽ።

«እድሩ አልጠራንም።»

«እሳቸው እድር አይደሉም አባባ። ጎረቤታችን ናቸው።»

አቶ እንደሻው ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ማሰር ጀመሩ።

ገላነሽ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች። በሩ ላይ ደርሳ ቆም አለች። በቀኝ በኩል ድንኳኑ እየተተከለ ነው፤ ባላምባራስ ሀብተወልድ ገመድ የሚወጥሩትን ሰዎች ሲያዙ ከዚህ ይሰማል። በግራ በኩል ሦስተኛው ቤት የነለተማርያም ነው፤ ጥሩምባ ነፊው እዚያም ሳይጠራ አልፏል። ወደ ግራ ታጠፈችና በሩን አንኳኳች።

ለተማርያም ዓይኗን እያሸች ከፈተች።

«እማማ ፈለቀች አርፈዋል» አለቻት ገላነሽ። «ነጠላሽን ልበሺ። እናትሽንም ጥሪያቸው። አባባ እየመጡ ነው፤ አብረን ነው የምንገባው።»